ፋብሪካው ይዛወራል፣ ፍርሃቱ ግን እዚያው ነው
የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጠብመንጃ ምንጩ የት ነው?

በኢትዮጵያ የሕገወጥ ጦር መሣሪያ ዜና ሁልጊዜ አንድ መልክ አለው። ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ሽጉጦችና ክላሾች፣ ከኋላ የቆሙ የፖሊስ አባላት፣ ከጭነት መኪና ስር የተገኘ ድብቅ ሣጥን። ቀጥሎ መግለጫ ይመጣል። መግለጫው ውስጥ ደግሞ አንድ ሐረግ አይጠፋም፦ ዝውውሩን «ከምንጩ ማድረቅ»።

ጥሩ። ምንጩ የት ነው?

አንዱ «ሱዳን ነው፣ በኩርሙክ አቋርጦ ይገባል» ይላል። ሌላው «ቱርክ ነው» ብሎ ካለፉት ዓመታት ጀምሮ በየኬላው የሚያዘውን የቱርክ ሽጉጥ ይጠቅሳል። ሦስተኛው «ከራሱ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ ነው» ይላል። ሦስቱም የእውነት ቁራጭ ይዘዋል። ሦስቱም ግን የሚያወሩት ስለ ሻጩ ብቻ ነው። ገዢውን የሚጠይቅ የለም። አንድ ገበሬ በሬውን ሸጦ ክላሽ የሚገዛበት ምክንያት እስካልተነካ ድረስ ኬላ በበዛ ቁጥር የሚጨምረው የመሣሪያው ዋጋና የኬላው ጉቦ ነው።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ የጠብመንጃ ምንጭ ፋብሪካ አይደለም፤ ድንበርም አይደለም። ምንጩ ሌሊት ሲጮኹ የሚደርስ አካል አለመኖሩ ነው። ፋብሪካ ይዘጋል፣ ይዛወራል፣ በሌላ አገር ይከፈታል። የመቶ ሃምሳ ዓመቱ ታሪክ የሚያሳየው ጠብመንጃው ከየትም ተሠርቶ ፈላጊው ጋ መድረሱን ነው።

ፋብሪካ እግር አለው

ከአሜሪካ ጠብመንጃ አምራቾች ሁሉ በዕድሜ ከሚጠቀሱት ግንባር ቀደሙ ሬሚንግተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 በኒውዮርክ ግዛት ተጀመረ፤ ኢሊዮን በምትባል ትንሽ ከተማም ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሠራ። በ2018 እና በ2020 ሁለት ጊዜ ኪሳራ ገጠመው። በ2021 አዲሶቹ ባለቤቶች ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ጆርጂያ ግዛት፣ ወደ ላግራንጅ ከተማ፣ እንደሚወስዱ አስታወቁ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የኢሊዮኑ ፋብሪካ ተዘጋ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፦ ጆርጂያ የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪን በደስታ ትቀበላለች፤ ኒውዮርክ ግን ሕጓ ጠብቋል።

ይህ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው? ብዙ ነገሯ ነው። በ1868 ዓ.ም. የግብጹ ከዲቭ እስማኤል ጦር ወደ ጉንደትና ጉራዕ ሲዘምት የታጠቀው ሬሚንግተን ነበር። የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት በሁለቱም ሜዳ አሸንፎ ጠብመንጃውን በሺዎች ማረከ። የኢሊዮን የእጅ ሥራ የሐበሻ ትከሻ ላይ የወጣው በንግድ ፈቃድ አልነበረም፤ በድል ነበር። ዛሬ ኢሊዮን ያለው ፋብሪካ ዝግ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የጠብመንጃ ፍላጎት አንድ ቀን እንኳ አልተዘጋም።

አባቶች ለጠብመንጃ ያወጧቸው ስሞች ራሳቸው የፋብሪካ ካርታ ናቸው። ስናድር የእንግሊዝ ነው። ውጅግራና ለበን የፈረንሳይ ናቸው። ቤልጅግ ስሙ ራሱ አገሩን ይናገራል። ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊከር የመጣ ነው። ከዚያ ክላሽ መጣ፤ ሶቪየት፣ ቻይና፣ ቡልጋሪያ፣ ሰሜን ኮሪያ ሠሩት። የእንግሊዙ እንፊልድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ተዘጋ። የፈረንሳዩ ሴንት ኤትየን በ2001 ተዘጋ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ተተካ እንጂ ገበያው ባዶ ሆኖ አያውቅም። «ምንጩን ማድረቅ» የሚለው ፖሊሲ ይህን ሁሉ ዘመን ሲሞከር የኖረ ነው። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ ስንት ውል ፈረሙ! ውሉ ጎድቶት የነበረው ሽፍታውን ሳይሆን ጣሊያን በ1928 ሲወርረው ጥይት ያጣውን መንግሥት ነው።

አሜሪካኖቹ ስለ ፋብሪካ መዛወር ሲከራከሩ የሚያነሱት ነገር ደግሞ ትኩረት ይገባዋል። ማርሊን የሚባለው የአደን ጠብመንጃ ከኮነቲከት ወደ ኢሊዮን ሲዛወር ባለቤቶቹ በጣም ተቆጡ። እንጨቱ ከብረቱ አይገጥምም፣ ማነጣጠሪያው ጠሟል አሉ። በአፈሙዙ ላይ የድሮዎቹ የ«ጄ ኤም» ማህተም ያለበትን ብቻ እየፈለጉ መግዛት ጀመሩ። በመጨረሻ በ2020 ሩገር የሚባል ሌላ ኩባንያ የማርሊንን ስም ገዝቶ ምርቱን ወደ ሰሜን ካሮላይና ወሰደው፤ ጥራቱ ተመለሰ ተባለ፣ ባለቤቶቹም ተረጋጉ። እዚያ ባለቤቱ ስለ ጠብመንጃው ያለው አስተያየት የእንጨትና የብሎን ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው አስተያየት የሚሰጠው ማታ በሰላም የሚተኛ ሰው ብቻ ነው።

ሁለቱ ጋፋቶች

ኢትዮጵያም የመሣሪያ ማምረቻዋን ያዛወረችበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ የሚወጣው ትምህርትም መራራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ከሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቹንና ባለሙያዎቹን ይዘው፣ ገደል እየናዱ መንገድ እየጠረጉ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ለመድረስ ወራት ፈጀባቸው።

መድፉ ደረሰ። ሕዝቡ ግን አልተከተለም። በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ሠራዊት ወደ ጥቂት ሺዎች ወርዶ ነበር፤ በየአውራጃው የነበረው ገበሬ በግብርና በቅጣት ተማርሮ ሸፍቷል። ሚያዝያ 6 ቀን የሆነው የታወቀ ነው። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አፋፍ ላይ ተቀምጧል። ያ ብረት ለዛሬ ባለሥልጣን የሚናገረው ነገር አለው፦ መሣሪያ መሥራት መቻልና አገር መጠበቅ መቻል ለየቅል ናቸው።

ዘመናዊው መንግሥት ለጠብመንጃ ፋብሪካው የሰጠው ስም ያው «ጋፋት» ነው። ጋፋት የክላሽ ዝርያ ጠብመንጃ፣ በአምቦ አቅራቢያ ያለው ሆሚቾ ደግሞ ጥይት ያመርታሉ። በ2002 ሜቴክ በ10 ቢሊዮን ብር የተፈቀደ ካፒታል ሲቋቋም ሁለቱም በእሱ ሥር ገቡ። በ2010 መጨረሻ ሜቴክ ከሕዳሴው ግድብ ሥራ ተነሣ፤ ኮርፖሬሽኑ ሲከፋፈል ወታደራዊ ፋብሪካዎቹ ወደ መከላከያ ተመለሱ። እዚህ የተደረገው ዝውውር ከከተማ ወደ ከተማ አይደለም፤ ከአለቃ ወደ አለቃ ነው።

ያኔ ስለ ሜቴክ ብዙ ተጠየቀ። ስለ ግድቡ ብረታ ብረት፣ ስለ መርከቦቹ፣ ስለ ግዢው ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶ ሕዝብ አየ። ያን ያህል ያልተጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከፋብሪካ የወጣ እያንዳንዱ ጠብመንጃ ቁጥሩ የት ተመዘገበ? ለማን ተሰጠ? የተሰጠው ሰው ሲሞት፣ ሲከዳ፣ ሲሰናበት ወዴት ሄደ? የጠብመንጃ ቁጥር ያለ መዝገብ የግንብ ላይ ጽሑፍ ነው። አገር በቀል ምርት ጥሩ ነው። አገር በቀል ተጠያቂነት ከሌለው ግን ከውጭ የሚገባውን ጣጣ በአገር ውስጥ ማምረት ነው።

ጠብመንጃ አሶሳ እንዴት ደረሰ?

«የመሣሪያ ባህል ያለው ሕዝብ ነው» የሚል ማብራሪያ በየስብሰባው ይሰማል። ይህ አባባል ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ አይሠራም። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የማኦና የኮሞ አያቶች ጠብመንጃን ያወቁት በአብዛኛው ከአፈሙዙ በኩል ነው። በ1890 ራስ መኮንን ወደ ቤኒሻንጉል ዘምተው የአካባቢውን ሼኾች ለዐፄ ምኒልክ አስገበሩ። ከዚያ በኋላ ኃይላቸው የገነነው ሼኽ ሆጀሌ አልሐሰን ግብራቸው ወርቅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ «ሸጎሌ» የሚባለው ሰፈር ስሙ ከእሳቸው የመጣ ነው። ከወርቁ ጎን ግን ሌላ ንግድ ነበር። ጠብመንጃ የያዘ ጠብመንጃ የሌለውን እየፈነገለ የሚሸጥበት የባሪያ ንግድ በዚያ ድንበር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። የሼኹ ባለቤት የሲት አምና ስም በዚሁ ጉዳይ በእንግሊዞቹ የሱዳን አስተዳደር ዘንድ የታወቀ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ምድር የጠብመንጃ የመጀመሪያ ትርጉም ክብር ወይም ጌጥ አልነበረም። የያዘ ይሸጣል፣ ያልያዘ ይሸጣል። አንዱ ሻጭ፣ ሌላው ሸቀጥ። ይህን ትዝታ የተሸከመ ሕዝብ «መሣሪያህን አስረክብ» ሲባል የሚሰማው ነገር ከአዲስ አበባ ቢሮ ሆኖ አይገባም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያው ላይ ተደረበ። በ1977 እና በ1978 ድርቅ የጎዳው የሰሜንና የደቡብ ገበሬ በሠፈራ ወደ አሶሳና ወደ ፓዌ ተወሰደ፤ ነባሩ ሕዝብ ስለ መሬቱ አልተጠየቀም፣ ሠፋሪውም ስለ ምርጫው አልተጠየቀም። በ1982 አሶሳ የጦር ሜዳ ሆነች። በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ክላሹ በየመንገዱ ለእህል ተለወጠ። ከድንበሩ ማዶ ኩርሙክ በሱዳን ጦርነት ደጋግማ ከእጅ ወደ እጅ ገባች። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የካርቱም ጦርነት ስደተኛውን በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ ዞን አፈሰሰው። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚነድ እሳት ጭሱ አሶሳ ይደርሳል።

ባለቤቱ ስለ ክላሹ ምን ይላል?

ስለ ክላሽ የሚነገረው ምስጋና በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ጭቃ አይበግረውም፣ ዝናብ አያቆመውም፣ ለመፍታትና ለመግጠም መምህር አይፈልግም። 30 ጎራሽ ነው። ጥይቱ ከሱዳን እስከ ሶማሊያ አንድ ዓይነት ነው። ድክመቱም ይታወቃል፦ ከ300 ሜትር በላይ ሲሆን ኢላማ ላይ እንደ ድሮው ምንሽር አይታመንም። አዋቂው ከመግዛቱ በፊት ማህተሙን ያያል። በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት ካለበት የሩሲያው ኢዠቭስክ ነው፤ ኮከብ ካለበት የቱላ ነው፤ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 66 ቁጥር ካለበት የቻይና ነው፤ በድርብ ክብ ውስጥ 10 ካለበት የቡልጋሪያ ነው። ይህ ሁሉ ከማርሊን ባለቤቶች ወሬ ብዙ አይለይም።

ልዩነቱ የሚጀምረው «ለምን ገዛኸው?» ሲባል ነው። አሜሪካዊው «ለአደን» ወይም «መብቴ ስለሆነ» ይላል። ከመተከልና ከካማሺ ገጠር የሚመጣው መልስ ሌላ ነው። ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ ነው። መንገዱ በክረምት አይታለፍም። ስልክ ሲደወል ኔትወርክ የለም። ካለም «እየመጣን ነው» ይባላል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ የክላሹ ባለቤት የሚሰጠው አስተያየት ስለ መሣሪያው ጥራት አይደለም። ስለ መንግሥት ጥራት ነው። ክላሹን ሲያመሰግን መንግሥትን እየነቀፈ ነው።

ካርታውም ይህን ያረጋግጣል። አባይ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ መተከል በሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ በደቡብ። ከአሶሳ ወደ ካማሺ የሚሄድ ሰው የምዕራብ ወለጋን መንገድ መያዝ አለበት። መስከረም 16 ቀን 2011 አራት የካማሺ ዞን አመራሮች ከስብሰባ ሲመለሱ የተገደሉት በዚያው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ባለሥልጣን በመንግሥት መኪና ሄዶ ካልተመለሰ ገበሬው በእግሩ ሄዶ ምን ይሆናል? ያኔ የክላሽ ማስታወቂያ የሠራው ሻጭ አልነበረም፤ ያ ዜና ነበር።

ቀስት ፋብሪካ የለውም

«ምንጩን ማድረቅ» የሚለውን ፖሊሲ ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው የመተከል ታሪክ ነው።

በሚያዝያ 2011 በዳንጉርና በማንዱራ የተነሣው ግጭት ድንበር ተሻግሮ ጃዊ ደረሰ፤ እዚያም ጉሙዞች ተገደሉ። ሁለቱም ወገን ሬሳ ቀበረ፤ ሁለቱም ወገን መሣሪያ መግዛት ጀመረ። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከል ተገኝተው ነዋሪዎችን አነጋገሩ። በማግሥቱ፣ ታኅሣሥ 14 ንጋት ላይ፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተጨፈጨፉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጥር 4 ቀን፣ በዚያው ዞን ሌላ ጭፍጨፋ ተፈጸመ፤ ከ80 በላይ ሰው አለቀ።

ከበኩጂ የተረፉት ቡለን ሆስፒታል ሲደርሱ ቁስላቸው የጥይት ብቻ አልነበረም፤ የቀስትም ነበረበት። ቤቶች ከነሰዎቻቸው በእሳት ጋዩ። ቀስት የሚሠራው ከየትኛው ፋብሪካ ነው? ክብሪትን በየትኛው ኬላ ማስቆም ይቻላል? ያን ሌሊት ኩርሙክ በሰንሰለት ታስራ፣ ቱርክ ፋብሪካዎቿን ሁሉ ዘግታ ቢሆን ኖሮ እንኳ በኩጂ አይተርፍም ነበር። ሊያተርፈው ይችል የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከንጋት በፊት እዚያ የደረሰ ሕግ አስከባሪ።

ሕግ አስከባሪ ሲባል ደግሞ ዩኒፎርም ማለት ብቻ አይደለም። የካቲት 24 ቀን 2014 በጉባ ወረዳ አይሲድ ቀበሌ የመንግሥት የጸጥታ ኃይል አባላት በተሳተፉበት ድርጊት ሰዎች ተረሸኑ፤ አንድ ሰው በሕይወት እያለ ተቃጠለ። ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መረመረ፤ መንግሥትም ድርጊቱን አምኖ አጥፊዎቹን ለሕግ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። በዚያ ቀን የተያዙት ጠብመንጃዎች ሕጋዊ ነበሩ። የግምጃ ቤት ቁጥር ነበራቸው።

ጉባ ማለት ደግሞ የሕዳሴው ግድብ ያለበት ወረዳ ነው። መንግሥት ግድቡን በአየርም በምድርም ጠብቆ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 መርቆ ለፍጻሜ አበቃው። የሚያኮራ ሥራ ነው። ግን ይህ ስኬት ራሱ ክስ ይዟል፦ ኮንክሪትን ሌት ተቀን መጠበቅ ከተቻለ በዚያው ዞን ያለ ቀበሌን መጠበቅ ለምን አልተቻለም? «አቅም የለንም» የሚለው ምክንያት ጉባ ላይ ወድቋል። የጎደለው አቅም ሳይሆን የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

በቀኝ እየሰበሰቡ በግራ ማደል

በ2012 የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ፈቃድ፣ ምዝገባ፣ ቅጣት፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። በወረቀት ደረጃ የሚናቅ ሕግ አይደለም። ግን አዋጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው መተከል ውስጥ የቀረበው መፍትሔ ተፈናቃዩን ሚሊሻ አድርጎ ማሠልጠንና ማስታጠቅ ሆነ። ከበኩጂ በኋላ የሞተበትን ሰው «አትታጠቅ» ማለት ማን ይችላል? ማንም አይችልም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፦ ያ መሣሪያ በማን ስም ተመዘገበ? የሚያዘው ማን ነው? የሚመለሰው መቼ ነው?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል የአገር ሰው። በጭንቅ ቀን ያለ መዝገብ የታደለ ጠብመንጃ በሰላም ቀን በገበያ ይገኛል። በመጋቢት 2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰንም ያው ጥያቄ ተነሣ፣ ያው ዝምታ መለሰለት። ከጉሙዝ ታጣቂዎች ጋር የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ጥሩ ነው። የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በመላ አገሪቱ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት እመልሳለሁ ብሎ ተነሣ፤ እሰየው። ነገር ግን ከበረሃ ገብቶ መሣሪያውን ያስረከበ ሰው ጎረቤቱ ያው እንደታጠቀ ካየው፣ ያስረከበውን ለመተካት የሚፈጅበት ጊዜ የገበያው ቀን እስኪደርስ ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ የተሳሳተ ስሌት ነው። መንግሥት መሣሪያ መሰብሰብን ለሰላም መነሻ ያደርገዋል። መሣሪያ የሚወርደው ግን የሰላም ፍሬ ሆኖ ነው። ሌላው ዓለም የተማረው ይህንን ነው። ሰው ጠብመንጃውን የሚያስረክበው ተገዶ ወይም ተለምኖ ሳይሆን ሳያስፈልገው ሲቀር ነው። ያልተፈለገ ክላሽ ዝጎ ጣሪያ ስር ይቀራል፤ የተፈለገ ክላሽ መሬት ተቀብሮም ይወጣል።

«በኩጂ ታጥቃ ቢሆን ኖሮስ?»

ከባዱ መልስ የሚያስፈልገው ይህ ጥያቄ ነው። የሟቾቹ ዘመዶች ሲጠይቁት ፊት ለፊት መመለስ እንጂ በአዋጅ ቁጥር መሸሽ አይገባም። አዎ፣ የታጠቀ መንደር አንድን ሌሊት ሊመክት ይችላል። አንድን ሌሊት። በማግሥቱ ግን አጠገቡ ያለው መንደር፣ የጉሙዝ ይሁን የሺናሻ፣ የአማራ ይሁን የኦሮሞ ወይም የአገው፣ «እነሱ ታጥቀዋል» ብሎ ይገዛል። ሦስተኛው መንደር ሁለቱን አይቶ ይገዛል። በዚህ ጨረታ ማንም አያሸንፍም። የሚያተርፈው ለሦስቱም የሚሸጠው ነጋዴ ነው። መተከል ከ2011 እስከ 2013 የሄደበት መንገድ ይኸው ነው፤ መጨረሻውም ታይቷል።

«ታዲያ መጀመሪያ እነሱ ያውርዱ» የሚለው መልስም እኩል ሞኝነት ነው። ማንም መጀመሪያ አያወርድም። ጃዊ ቀርቶ ማንዱራ፣ ወይም ማንዱራ ቀርታ ጃዊ ትጥቅ ፍቱ ሲባሉ የሚሰማቸው «ለመታረድ ተዘጋጁ» የሚል ነው። የክልል ድንበር ለትጥቅ ማስፈታት ድንበር ሊሆን አይችልም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ትጥቅ የሚወርድ ከሆነ በአስተዳደር ወሰን ሁለት ወገን በአንድ ቀን ይውረድ። መተከልና አዊ አብረው፣ ካማሺና ምዕራብ ወለጋ አብረው። የፌዴራሉ መንግሥት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለዚህ ካልሆነ ለምን?

ሁለተኛ፣ መንግሥት መጀመሪያ የራሱን ይቁጠር። ለሚሊሻ፣ ለቀበሌ ጥበቃ፣ ለፈረሰው ልዩ ኃይል የተሰጠ እያንዳንዱ መሣሪያ በቁጥሩ ተመዝግቦ ለክልሉ ምክር ቤትና ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይቅረብ። ጋፋትና ሆሚቾም ምን ያህል አምርተው ለማን እንዳስረከቡ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ሪፖርት ያድርጉ። ወታደራዊ ምሥጢር ብዛትን ሊሸፍን ይችላል፤ ዝርክርክነትን ግን ሊሸፍን አይገባም።

ሦስተኛ፣ የጸጥታ ሥራ በተያዘ መሣሪያ ብዛት መለካቱ ይቅር። መለኪያው ሰዓት ይሁን፦ ከቡለን ገጠር፣ ከካማሺ ገጠር የድረሱልኝ ጥሪ ሲመጣ ፖሊስ በስንት ሰዓት ደረሰ? ለቀበሌ ሬዲዮ፣ ለክረምት የሚሆን መንገድ፣ ለተዘዋዋሪ ችሎት የሚወጣ ብር ከየትኛውም ኬላ ይልቅ የክላሽን ገበያ ያቀዘቅዘዋል።

አራተኛ፣ ፍርድ። የካማሺ አመራሮች ግድያ፣ በኩጂ፣ ጃዊ፣ አይሲድ፤ ገዳዩ ማንም ይሁን ሟቹ ማንም፣ ፍርዱ በአደባባይ ይነገር። ያልተፈረደበት ግድያ ሁሉ ለሚቀጥለው ጠብመንጃ ደረሰኝ ነው።

ይህ ሁሉ ከፎቶና ከመግለጫ ይከብዳል። ጠረጴዛ ላይ አይደረደርም፣ ቴሌቪዥን ላይ አያምርም። ግን ሌላው መንገድ ተሞክሯል። ሬሚንግተን ከኢሊዮን ወጥቶ ጆርጂያ ገባ፤ ነገ ከጆርጂያ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይገባ ይሆናል። ጋፋት ከሜቴክ ወጥቶ መከላከያ ገባ። ነጋዴው ኩርሙክ ሲዘጋበት ሌላ በር ያገኛል። የመተከል ገበሬ ግን የትም አይዛወርም። ዛሬ ማታም እዚያው ነው፣ ጆሮውን ከበሩ አስጠግቶ። ከክላሹ በፊት የሚደርስለት መንግሥት እስኪያገኝ ድረስ ክላሹን «ጎበዝ ዕቃ ነው» ማለቱን አይተውም፤ እንዲተውም ሊጠይቀው የሚችል ማንም የለም።